ለእንቁጣጣሽ ማዕድ የምስጋና ችቦ

ለጥናት የሚነበብ፦ ሉቃስ 17፥11-19፤ የሐዋርያት ሥራ 9፥36-42፤ ዘዳግም 24፥14-15



ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ በየቤታችን የሚጀመረውን ግርግር ሁላችንም እናውቀዋለን። በርበሬው ይቀነጠሳል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ መጋረጃው ወርዶ ይታጠባል። እናት ከገበያ ሲመለሱ የዶሮውን ዋጋ ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ፤ አባት ግን ኪሳቸውን ስለሚያውቁ ዝም ይላሉ። እኛ ወጣቶቹስ በዚህ ሁሉ ውስጥ ድርሻችን ምንድን ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ መላላክና መብላት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናጠና ያሰብነው ከቤተሰባችን ጋር ተቀምጠን ለእንቁጣጣሽ ማዕድ በእጃችን ልንሠራቸው ስለምንችላቸው ጥቂት የምስጋና ነገሮች ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል፤ እኛም መስሎን ነበር። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በየቤታችን ስንሞክረው ግን አንዳንዱ አማረልን፣ አንዳንዱም አሳፈረን። ያሳፈረንንም ሳንደብቅ እንጽፋለን፤ ካማረው ይልቅ ያስተማረን እርሱ ነውና።

በቋንቋችን ውለታ የማያውቀውን ሰው «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» እንለዋለን። ከማዕድ የተወሰደ ስም መሆኑን ልብ በሉ። ወጪት የወጥ ዕቃ ነው፤ ሰባሪውም ከሩቅ የመጣ ጠላት ሳይሆን ከዚያው ዕቃ አጥቅሶ የበላ ሰው ነው። ስናመሰግን ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ይህ አነጋገር ከልጅነት ጀምሮ አፋችን ላይ ስለ ኖረ አናስተውለውም እንጂ ጸሎት ነው። እኔ ውለታህን ከፍዬ አልጨርሰውምና አምላክ በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት ነው። እንግዲህ በአማርኛችን ሰውን ማመስገንና እግዚአብሔርን ማመስገን በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ ማለት ነው። ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን አደጋም አለው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ካልን በኋላ ሥራውን ሁሉ ለእርሱ አሳልፈን እኛ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሉቃስ 17 ላይ ዐሥር ለምጻሞች እንደ ነጹና አንዱ ብቻ እንደ ተመለሰ፣ እርሱም ሳምራዊ እንደ ነበረ እናነባለን። በክፍላችን ይህን ስናጠና አንድ ወንድማችን ለዘጠኙ ጠበቃ ሆኖ ተነሣ። «ወደ ካህናት ሂዱ ተብለው የታዘዙትን ሲፈጽሙ ነበር፤ ምን አጠፉ?» አለ። ክርክሩ ረዘም ያለ ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበት አሳብ፣ ዘጠኙ ክፉዎች ናቸው ብሎ መጽሐፉ አይነግረንም፤ አንዱ ግን ከመንገዱ ዞሮ ተመለሰ የሚል ነው። መንገድን አቋርጦ መመለስ ጊዜ ይፈልጋል። በእጅ የሚሠራ ነገርም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አፍ በቅጽበት ያመሰግናል፤ እጅ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ምንም ሊሠራ አይችልም። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለዚያ ሰው ሳያስቡ መቀመጥ ደግሞ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ልጅነታችን እንመለስ። በመስከረም 1 ቀን ጠዋት ወንዶቹ ሥዕል ይዘን፣ ሴቶቹ አበባ ይዘን «አበባየሆሽ» እያልን በየደጁ ስንዞር ያላደግን ማን አለ? ሥዕሉ ያው የታወቀ ነው። አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ፣ አንዳንዴም አንገቱ እንደ ሰጎን የረዘመ ዶሮ። ከእኛ አንዱ በአንድ ዓመት ሃያ ሥዕል ሠርቶ እንደ ነበር ያስታውሳል፤ ሃያውም አንድ ዓይነት ነበሩ። ለሚወዱት ጎረቤትም፣ ገንዘብ ስላለው ብቻ ለሚሄዱበት ጎረቤትም ያው አንድ አበባ ነው። ማታ ሳንቲሙ ይቆጠራል፤ «እገሌ ቤት ይህን ያህል ብቻ ሰጡ» ተብሎም ይታማል።

ልማዱን አንነቅፍም፤ ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ልጆችን ከጎረቤት ያስተዋውቃል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅን። ለገዛ እናቱ የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሰጠ ከመካከላችን ማን አለ? አንድም እጅ አልወጣም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እናታችን ሳንቲም አትሰጠንም፤ ያላትን ለበዓሉ ጨርሳዋለች። ስለዚህ ሥዕሉን የወረቀት መነገጃ አድርገነው ኖረናል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን የምንሠራውን ተነጋገርን። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ በረከት ነው ስለሚባል ታናናሾቻችን ግቢው ውስጥ እየጮኹ ሲደበደቡ፣ አንዱ ያመጣነውን ካርቶን በእርጥብ እጁ ነክቶ ግማሹን አበላሸብን። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክራችን ይህ ነው፤ በጳጉሜን ወረቀት ይዛችሁ ስትወጡ በላስቲክ ጠቅልሉት።

አንደኛው ሥራ ካርዱ ነው። ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም። ያለቀ ደብተር ሽፋን፣ የብስኩት ካርቶን፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ማንኛውም ወፍራም ወረቀት ይበቃል። ለሁለት ይታጠፍና ከውጭ ሥዕሉ፣ ከውስጥ ጽሑፉ ይሆናል። ማጣበቂያ ካስፈለገ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ ጓጓላ እንዳይኖረው ካሹ በኋላ፣ በለዘበ እሳት እስኪወፍር ድረስ ማማሰል ነው። ሲበርድ ጥሩ ሙጫ ይወጣዋል። ከሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ ይሸታል። አንዲት እኅታችን ረስታው ቤቱ ሁሉ የአብሲት ሽታ ሸትቶ እናቷ ሊጥ የተበላሸ መስሏቸው ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ጊዜ የሚፈልግ ነው፤ እርሱም ትንሽ ማቶት መስፋት ነው። ጀበና የሚቀመጥበት ስለ ሆነ ከበዓሉ ማዕድ አይጠፋም። ስፌት የሚያውቁ አያት ወይም አክስት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ስንደዶውና አክርማው በውኃ ይርሳል፤ አለላው በቀለም የተነከረው ነው፤ እየተጠመጠመ በወስፌ እየተወጋ ከመካከል ወደ ዳር ይሰፋል። ለጀማሪ የእጅ መዳፍ የሚያህል ክብ እንኳ ቀናት ይወስዳልና በነሐሴ አጋማሽ መጀመር ይሻላል። የአንዱ ወንድማችን ማቶት እንደ ሳህን ተንጋዶ ቀርቷል። እርሱ ግን አያቱ ጎን ተቀምጦ ወስፌውን ሲይዝ፣ እርሳቸው በልጅነታቸው ለሰርጋቸው መሶብ ሲሰፉ ስለ ኖሩበት ቤት፣ ከዚያ በፊት ነግረውት የማያውቁትን ነገር ነገሩት። የተንጋደደው ማቶት ዛሬም በቤታቸው አለ፤ ጀበናው ቢወላገድበትም አያቱ ሌላ አይፈልጉም።

በዚህ አጋጣሚ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን አንብቡ። በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ ጴጥሮስ ሲመጣ መበለቶቹ እያለቀሱ ያሳዩት ምን ነበር? በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ስለ ደግነቷ ብዙ ንግግር አልተጻፈም። በእጃቸው ይዘው «ይኸው» ያሉት ነገር ነበራቸው።

ሦስተኛው ሥራ ግን ከሁሉም የወደድነው ነው። ስሙንም «የምስጋና ችቦ» አልነው። በዋዜማው ማታ ችቦ ማብራት የቆየ ልማዳችን ነው። ይህ ግን የሚቀጣጠል ሳይሆን በማዕዱ መካከል የሚቆም ትንሽ ችቦ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ከእርሳስ የቀጠኑ፣ ቁመታቸው አንድ ስንዝር የሆነ ደረቅ የባሕር ዛፍ ጭራሮዎች ይለቀማሉ። ቅጠላቸው ይራገፋል፤ ቅርፊታቸው ባይላጥ ይሻላል። ከዚያ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቀጭን ወረቀት ይቆረጥና እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለሌላው ያለውን ምስጋና ይጽፍበታል። ወረቀቱ በጭራሮው ላይ ተጠቅልሎ በፈትል ይታሰራል፤ በውጭ በኩል የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ሁሉም ሲያልቅ አንድ ላይ ይታሰራል፤ ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ ተደርጎ፣ ልክ እንደ ትልቁ ችቦ። በጣሳ ውስጥ ስንዴ ወይም አሸዋ ጨምሮ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። አደይ አበባውን በማለዳው ብቻ በመካከሉ ሰካ ሰካ አድርጉ፤ ማታ ከቆረጣችሁት ጠዋት ይጠወልጋል። ከከሰሉም አርቁት!

የሚከፈተው ቡና ላይ ነው። በአቦል፣ በቶናና በበረካ እየተከፋፈለ፣ ትንሹ ልጅ አንድ አንድ እየመዘዘ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን ካሉ ልጁ ያነብላቸዋል። እስከ በረካ ማንም አይነሣም። ይህ ደንብ ከባድ መስሎን ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ከአቦል ሳያልፉ ይወጡ የነበሩ አባቶች ሁሉ ተቀምጠው ጨረሱ፤ ስማቸው የተጻፈበት ጭራሮ ገና አልተመዘዘምና።

ስለ ጽሑፉ ግን ጥቂት እንበል፤ አብዛኞቻችን የተሰናከልነው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ወረቀቶቻችን ሁሉ «ስላሳደግሽኝ አመሰግናለሁ»፣ «ለሁሉም ነገር እግዜር ይስጥልኝ» የሚሉ ነበሩ። እነዚህ ውሸት አይደሉም። ነገር ግን እንደ ሃያው ሥዕል ናቸው፤ ለማንም እናት ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። በዚያ ዓመት የሆነ አንድ ነገር፣ የሆነበት ጊዜና ቦታ ካልተጻፈ ጭራሮው ላይ አይታሰርም። ያን ጊዜ ወረቀቶቹ ተለወጡ። አንዱ ለእናቱ «በግንቦት ትኩሳት ይዞኝ ሳለ ሌሊቱን ሁሉ ጨርቅ እያራስሽ ግንባሬ ላይ ስላደረግሽልኝ፤ የተኛሁ መስሎሽ ስታለቅሺም ስለ ሰማሁሽ» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ለአባቷ «የአንተ ጫማ ተቀዶ ሳለ የእኔን አስቀድመህ ስለ ገዛህልኝ» አለች። የስምንት ዓመት ልጅ ለታላቅ እኅቱ «ክፍልፋይ ስላስረዳሽኝና ሳትመቺኝ ስለ ጨረስሽ» ብሎ በመጻፉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እንደዚህ ያለውን ለመጻፍ ዓመቱን ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ግድ ነው፤ ፈልገን ባዶ እጃችንን የተመለስንበትም ሰው አልጠፋም።

አሁን ያሳፈረንን እንናገር። የአንዲት እኅታችን ቤት ነገር ነው። «ይህ የሰው ቤት ገመና ነው፤ በጽሑፍ አይወጣም» ያሉ ከመካከላችን ነበሩ። እርሷ ግን ቤተሰቧን አስፈቅዳ «ይጻፍ» አለች፤ ስማቸውን ብቻ ትተነዋል።

እንደምታስታውሱት የ2017 እንቁጣጣሽ የዋለው ረቡዕ ነው። ጾም ስለ ሆነ የዕለቱ ማዕድ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነበር፤ ዶሮው ለሐሙስ ታስሮ በጓሮ ይጮኽ ነበር። እኅታችን «ማዕዱ እንዳይቀዘቅዝ» ብላ ችቦውን በትጋት አዘጋጀች። አያቷ፣ አባቷ፣ እናቷ፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿና እርሷ ስድስት ናቸው። ሰባተኛዋ ታላቅ እኅታቸው ናት፤ ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች አራተኛ ዓመቷ ነው። ለእርሷም ጭራሮ ተሠራ። በወረቀቱ ላይ «በላክሽው ገንዘብ የጣራው ቆርቆሮ ተለውጦ በዚህ ክረምት ጣሳና ባልዲ እየደረደርን አላደርንም» ተብሎ ተጻፈ።

በዋዜማው ማታ ትልቁ ችቦ በደጅ ተቃጥሎ ቤተሰቡ ወደ ቤት እንደ ገባ ታላቂቱ ደወለች። ለእርሷ የሚመቻት ሌሊት ብቻ ነው። ስልኩ ሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ወረቀቷ ተነበበላት። አለቀሰች፤ እነርሱም አለቀሱ። እናቷ «የዚያ ቤት ሰዎች በበዓላቸው ቀን ያስቡሽ ይሆን?» አሏት። እርሷም ዝም ብላ ቆይታ «ለእርሷስ ጻፋችሁላት?» አለች።

«ለማን?» አለች እኅታችን።

«ለሠራተኛችን ነዋ! እማዬ፣ እኔም እኮ እዚህ ሠራተኛ ነኝ። በበዓላቸው ስንት ሰው በልቶ ሄዶ ሳህኑን እስከ እኩለ ሌሊት የማጥበው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንድ ሰው እጄን ቢያይልኝ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም ነበር።»

ልጅቱ በዚያ ሰዓት በወጥ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር። ዕድሜዋ ከእኅታችን ጋር እኩል ነው። ከቤቱ ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሰባት ጭራሮ ሲቆጠር፣ ስሞቹ ሲጻፉ፣ ጣሳው ስንዴ ሲሞላ ስንዴውን ከጓዳ ያመጣችው እርሷ ነበረች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እናቷ ቅር ብሏቸው «እኛ እኮ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» አሉ። አያትየው ስፌታቸውን አስቀምጠው «ልጅሽ ከሆነች የእናቷ ስም ማን ነው?» አሏቸው። መልስ የሚሰጥ ጠፋ። እኅታችን ፈጥና ወረቀት አንሥታ «ስላገለገልሽን እናመሰግናለን» ብላ ጻፈች። ወዲያው የራሳችን ሕግ ትዝ አላት፤ አንድ ነገር፣ የሆነበት ጊዜና ቦታ። ብዙ አሰበች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራዋን በልታለች፤ ልጅቱ ግን ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስለቅሳት፣ ከየት እንደ መጣች እንኳ አታውቅም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በኋላ መጣ። አያትየው ወደ አባቷ ዞር ብለው ቀስ ባለ ድምፅ «የሐምሌና የነሐሴ ደመወዟስ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። «ለበዓል አንድ ላይ እንሰጥሻለን» ብለዋት ኖሯል። በዓሉ ሲደርስ ግን ገንዘቡ በዘይትና በበርበሬ አለቀ። ለሐሙስ የታሰረውም ዶሮ የተገዛው ከዚሁ ነው። በክፋት አልነበረም፤ አባትየው ሰው የሚበድሉ ሰው እንዳልሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ዘዳግም 24 ግን ስለ ክፋት አይጠይቅም። የድኻው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ በዕለቱ ይሰጠው፤ ነፍሱ ተስፋ ያደረገችው እርሱን ነውና ይላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ዋጋውን ያስቀረው ሰው ክፉ ነው ደግ ነው አላለም፤ ፀሐይዋ ገባች አልገባችም ነው ነገሩ። እዚህ ቤት ደግሞ ፀሐይ ሁለት ወር ሙሉ ገብታ ወጥታለች።

አባትየው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ቆጥረው ያመጡት የአንድ ወር ብቻ ነበር፤ ያላቸው ያ ነው። ልጅቱን ጠርተው ሰጧትና «ቀሪው እስከ መስቀል ይሞላልሻል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። ልጅቱ ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ ጋሼ? ልታሰናብቱኝ ነው?» አለች። እኅታችን ይህን ስትነግረን አንገቷን ደፍታ ነበር። ደመወዟን ስትቀበል ልትባረር የመሰላት ልጅ በቤታቸው ሁለት ዓመት ኖራለች።

ከዚህ በኋላ እኛም ደንባችን ላይ አንድ ነገር ጨመርን። በጭራሮው ላይ የሰው ስም ከመጻፋችን በፊት ያ ሰው ከቤታችን የሚፈልገው ቀሪ ነገር እንዳለ እንጠይቃለን፤ ደመወዝ፣ ብድር፣ የተዋስነው ዕቃ። ካለ መጀመሪያ እርሱ ይሰጣል፤ ወረቀቱ ይደርሳል። አንዱ ወንድማችን በዚህ ምክንያት ከጎረቤት ከተዋሰው ሦስት ዓመት የሆነውን መጋዝ መለሰ፤ ባለቤቱ ጠፋ ብለው ሌላ ገዝተው ነበር።

ወደ ዋዜማው ማታ እንመለስ። አያትየው ልጅቱን «ነይ እዚህ ተቀመጪ» ብለው ጎናቸው አስቀመጧት። እርሷ መጀመሪያ በበርጩማው ጫፍ ላይ ብቻ ተቀምጣ ነበር። አባትየው ያሰሩት ችቦ በፈትል ስለ ነበር እየላላ ወደ አንድ ወገን ይዘም ነበር። አይታ አይታ አላስቻላትም፤ «እንዲህ አይደለም ጋሼ» አለች። ወጥታ ከማገዶው መካከል ልጥ ልጣ አመጣች፤ በእንፋሎት አለስልሳ ከታች ወደ ላይ እየጠመጠመች በሦስት ቦታ ቋጠረችው። እንደ አለት ቀጥ አለ። በአገሯ የመንደሩን ችቦ የሚያስሩት አባቷ እንደ ነበሩና ከሞቱ ወዲህ የሚያስረው ታላቅ ወንድሟ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተናገረች። አባቷ መሞታቸውንም ቤተሰቡ ያን ጊዜ ሰማ።

እንግዲህ በስምንተኛው ጭራሮ ላይ የሚጻፍ ተገኘ። እኅታችን «ጳጉሜን 5 ቀን ማታ፣ በሳሎናችን፣ የላላውን ስላጠበቅሽልን» ብላ ጻፈች። ከዚህ የበለጠ የምታውቀው አልነበራትምና ከዚህ የበለጠ አልጻፈችም። የልጅቱ እናት ስምም በዚያ ማታ ታወቀ።

ልጅቱም የራሷን ጭራሮ ፈለገች። የማታ ትምህርት ከጀመረች ገና አንድ ዓመቷ ስለ ሆነ ጽሑፉ አልደፈራትም። የስምንት ዓመቱን ልጅ ወደ ጓዳ ወስዳ በጆሮው እየነገረችው አስጻፈችው። ከውጭ ግን ስም የለበትም። ረቡዕ ቡናው ላይ ጭራሮዎቹ ሁሉ ሲመዘዙ እርሱ ብቻ ሲቀር ትንሹ ልጅ ሊከፍተው እጁን ሰደደ፤ «ተወው፣ ለእናቴ ነው» አለችው። ሳይከፈት በጣሳው ውስጥ፣ በስንዴው መካከል ቆሞ ሰነበተ።

ለመስቀል አገሯ ስትሄድ ከቀሪው ደመወዟ ጋር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወሰደችው። ልጁን ምን እንዳስጻፈችው ብዙ ጊዜ ጠይቀነዋል። እስከ ዛሬ አልነገረንም።